ጭፈራ ሥራ ነው ወይ?

የሳምንቱ ንባብ



ባለፈው ሳምንት ማታ በትምህርት ጣቢያችን «ሥራ» የምትለውን ቃል ተማርን። ሁለት ፊደል ብቻ ናት። ቃሏን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «እስቲ የሥራ ዓይነት ንገሩኝ» አልኩ። «እርሻ» አለ አንዱ። «ፈትል» አለች አንዲት እናት። «ንብ ማርባት»፣ «ሸማ»፣ «ሸክላ»፣ «ንግድ» እየተባለ ሰሌዳው ሞላ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጃገረድ «ጭፈራስ?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አንድ አባት ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና «ጭፈራማ የሠርግ ነው፤ የጥምቀት ነው፤ የሻደይ ነው። እሱ ሥራ ከተባለ ማን ሊያርስ ነው?» አሉ።

ትምህርቱ አለቀ፤ ሰው ተበተነ። እሳቸው ግን ቀሩ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። ወንድ ልጃቸው 19 ዓመቱ ነው። ለገበያ ሰቆጣ ወርዶ ሲጨፍር ያዩት ሰዎች «ከባህል ቡድናችን ጋር አዲስ አበባ እንውሰድህ» ብለውታል። የሚፈርምበት ወረቀትም ሰጥተውታል።

«እኔ እምቢ ብያለሁ» አሉኝ። «እናቱ ታለቅሳለች። እሱም አኩርፎ እህል አልቀምስ ብሏል። አንተ የተማርክ ነህ። ሰው በትከሻው እንጀራ ይበላል ወይ?»

ያን ማታ መልስ አልነበረኝም። «አባባ፣ አስቤ በጋዜጣችን ላይ እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው። ይኸው ጻፍኩ። ጥያቄው የሳቸው ብቻ አይደለምና ሁላችሁም አንብቡት።

አንድ ነገር ላስታውስ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወደኛ አቆጣጠር ለመመለስ 8 ቀንሱ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ ላለው ጊዜ ግን 7 ቀንሱ። ቅነሳ የተማርነው ለዚህ ነው።

ከእኛው አገር እንነሣ

ሻደይን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ሣር በወገባቸው ያስራሉ። ጸጉራቸውን ይሠራሉ፤ ይኳላሉ። ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ። ባለቤቱም ያለውን ይሰጣል። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ እህል ያለው እህል፣ ምንም የሌለው ምርቃት ይሰጣል።

እንግዲህ አስተውሉ። እዚህ ላይ ጨዋታ አለ፤ ስጦታም አለ። ተመልካቹ ደስታ ይቀበላል፤ ተጫዋቿም የድካሟን ታገኛለች። ነገር ግን ሻደይ የጥቂት ቀን ነው። በዓሉ ሲያልፍ ልጅቱ ወደ ውኃ ቀጂነቷ፣ ወደ ወፍጮዋ ትመለሳለች። የአባታችን ጥያቄ ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጨፍሮ የሚኖር ሰው አለ ወይ ነው የሚሉት።

አለ። አንዱን ልንገራችሁ።

መላኩ በላይ

መላኩ በላይ የሚባል ተወዛዋዥ አለ። ያደገው አዲስ አበባ ነው። በልጅነቱ የጎዳና ኑሮ አይቷል። ጭፈራን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። ጥምቀት ሲሆን ታቦት ከሚያጅበው ሕዝብ መካከል እየገባ፣ በየበዓሉና በየሠርጉ እያየ ነው የተማረው። እናንተም የተማራችሁት እንደዚሁ ነው።

በአዲስ አበባ ካዛንቺስ የሚባል ሰፈር ነበር። በዚያ ሰፈር ብዙ አዝማሪ ቤቶች ነበሩ። አዝማሪው ማሲንቆ ይመታል፤ ግጥም ይሰጣል፤ ጠጪው ይሥቃል፤ ይሸልማል። ከነዚህ ቤቶች አንዱ ፈንድቃ ይባል ነበር። ፈነደቀ ማለት በደስታ ዘለለ ማለት መሆኑን ታውቃላችሁ። መላኩ ፈንድቃ ገብቶ መጨፈር ጀመረ።

ደመወዝ አልነበረውም። ይህን ቃል ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የሚኖረው ተመልካቹ በሚሰጠው ጉርሻ ብቻ ነበር። ተመልካቹ ከሰጠ ይበላል፤ ካልሰጠ ጦሙን ያድራል። ማደሪያም አልነበረው። እንግዳው ሄዶ በሩ ሲዘጋ እዚያው ባንኮኒው ሥር ይተኛ ነበር። እንዲህ እያለ ብዙ ዓመት ኖረ።

እንግዲህ ለዚህ ሰው የዚያን ጊዜ «ጭፈራ ሥራ ነው ወይ?» ብትሉት ምን ይላችሁ ነበር? እኔ አላውቅም። እሱ ግን አልተወውም።

በ2008 የፈንድቃን ቤት ኪራይ ራሱ ተረከበ። ትናንት ባንኮኒ ሥር ይተኛ የነበረው ሰው የቤቱ ኃላፊ ሆነ። ቀጥሎም ኢትዮከለር የሚባል ቡድን አቋቋመ። በቡድኑ ውስጥ ማሲንቆ አለ፤ ክራር አለ፤ ከበሮ አለ፤ ዘፋኝና ተወዛዋዥ አለ። በ2016 ደግሞ ፈንድቃን የባህል ማዕከል አደረገው። ሥዕል የሚታይበት፣ ግጥም የሚነበብበት፣ ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት ሆነ።

መላኩ ባሕር ተሻግሮም ጨፍሯል። ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ የሙዚቃ ቡድንና ከታላቁ ሳክስፎን ነፊ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር በውጭ አገር መድረኮች ተጫውቷል። የፈረንሳይ መንግሥትም ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚሰጠውን የክብር ኒሻን ሰጥቶታል። የኒሻኑ ምክንያት ምን ነበር? ትከሻ ነው። ደረት ነው። አንገት ነው። እናንተ ሠርግ ላይ በነፃ የምታደርጉት እስክስታ ነው።

ታሪኩ ግን ሁሉም ማር አይደለም። በ2024 የካዛንቺስ ሰፈር ለመልሶ ግንባታ ሲፈርስ ፈንድቃም ከነበረበት ቦታ ተነሣ። ስንት ዓመት የተደከመበት ቤት ነበር። ቤት ይፈርሳል። በአካል ውስጥ ያለ ሙያ ግን በዶማ አይፈርስም። እሱን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይቻላል።

ጭፈራ አገርን ሲወክል

ሌላም ነገር ላስታውሳችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1977 የደረሰውን ድርቅ ከእናንተ ውስጥ በዓይኑ ያየ አለ። ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር። ኮረም ድረስ በእግራቸው ሄደው እህል የጠበቁ ወላጆች ያሏችሁ አላችሁ። ያን ጊዜ ከብዙ አገር እርዳታ መጣ።

ከዚያ በኋላ በ1987 እና በ1988 ሕዝብ ለሕዝብ የሚባል የኪነት ቡድን ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተላከ። የሄደውም ለእርዳታው ምሥጋና ለማቅረብ ነው። ዘፋኞችና ተወዛዋዦች የየብሔረሰቡን ጭፈራ ይዘው ሄዱ። በረኃብ ብቻ ያወቁንን ሰዎች ሌላ ነገር አሳዩአቸው። ትርኢቱም በቪዲዮ ተቀርጾ በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ። አንዳንድ ጊዜ ትከሻና እግር ከብዙ ንግግር ይበልጣሉ።

በእግር ከበሮ የሚመታ ሰው

አሁን ደግሞ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። እኛ በትከሻ እንደምንጨፍር በእግራቸው የሚጨፍሩ ሰዎች አሉ። ጭፈራው ታፕ ይባላል። የሚጨፈረው በአሜሪካ ነው።

ታፕ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ሶሉ እንጨት ወይም ብረት የሆነ ጫማ ያደርጋል። በሳንቃ ወለል ላይ ይቆማል። አንድ ጊዜ በተረከዙ፣ አንድ ጊዜ በጣቱ በኩል ወለሉን ይመታል። ወለሉ ከበሮ ይሆናል፤ እግሩ የከበሮ መቺ እጅ ይሆናል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት ከበሮ የሚመታ ሰው ያለ ይመስላችኋል።

ይህ ጭፈራ የመጣው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ጭፈራ ነው። ሁለተኛው ከአየርላንድና ከእንግሊዝ የሄዱ ሰዎች የእግር ጭፈራ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ስፍራ ባሮች ከበሮ እንዳይመቱ ተከልክለው ነበር። ጌቶቹ በከበሮ ተጠራርተው ያምፁብናል ብለው ፈሩ። ከበሮውን ቢነጥቁ ግን እግርን መንጠቅ አልቻሉም።

በዚህ ጭፈራ እጅግ ከታወቁት አንዱ ቢል ሮቢንሰን ነው። ሕዝቡ ቦጃንግልስ እያለ ይጠራው ነበር። በ1878 በሪችመንድ ከተማ ተወለደ። እናትና አባቱ በሕፃንነቱ ሞቱበት። ያሳደጉት አያቱ ናቸው። አያቱም ራሳቸው በባርነት የኖሩ ሴት ነበሩ። ልጁ ትምህርቱን ቶሎ ተወ። ጫማ እየጠረገ፣ በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ እየጨፈረ ሳንቲም ይለቅም ነበር። መላኩን አስታወሳችሁ?

ሲያድግ ወደ መድረክ ወጣ። ያን ጊዜ በአሜሪካ ጥቁር ሰው መድረክ ላይ ብቻውን መቆም አይፈቀድለትም ነበር። ከሌላ ጥቁር ጋር ሁለት ሆኖ ካልሆነ አይሆንም ይሉ ነበር። ስለዚህ ሮቢንሰን ጆርጅ ኩፐር ከሚባል ሰው ጋር ብዙ ዓመት ሠራ። በኋላ ግን ብቻውን ወጣ። ችሎታው ከደንቡ በለጠ።

በ1918 በኒውዮርክ ከተማ በታወቀ ቲያትር ቤት የደረጃ ጭፈራውን አሳየ። መድረክ ላይ ደረጃ ነበር። ሲወጣ ይጨፍራል፤ ሲወርድ ይጨፍራል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ድምፅ አለው። ሌሎች ተጫዋቾች እግራቸውን አክብደው ይረግጡ ነበር። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ በእግሩ ጣቶች በኩል ቀለል አድርጎ ይመታል። ድምፁም ጥርት ያለ ነበር።

በ1928 ዕድሜው 50 ዓመት ሆኖት ሳለ በትልቁ የቲያትር መንደር በብሮድዌይ ስሙ ገነነ። ቀጥሎ ወደ ፊልም ገባ። በ1935 በወጣ ፊልም ሸርሊ ቴምፕል ከምትባል ትንሽ ነጭ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው በደረጃ ላይ ጨፈሩ። ጥቁርና ነጭ ተያይዘው ሲጨፍሩ በፊልም ማየት በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። በአንዳንድ ከተሞች እጅ ለእጅ የተያያዙበት ቦታ ተቆርጦ ወጣ። የአንድ ሽማግሌና የአንዲት ሕፃን እጅ ፈሩ ማለት ነው።

በፊልሞቹ ውስጥ ሮቢንሰን አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው የቤት አሽከር ሆኖ ነው። ሌላ ቦታ አይሰጡትም ነበር። በዚህም የወቀሱት ጥቁሮች ነበሩ። በ1943 ግን ተጫዋቾቹ ጥቁሮች በሆኑበት በአንድ ፊልም ዋናውን ቦታ ይዞ ተጫወተ። ያን ጊዜ ዕድሜው 65 ዓመት ነበር።

አንድ መልካም ሥራውን ልጨምር። በ1933 በተወለደባት ከተማ ሁለት ልጆች መንገድ ሲያቋርጡ መኪና ሊገጫቸው ሲል አየ። በዚያ መስቀለኛ መንገድ መኪና የሚያስቆም የትራፊክ መብራት አልነበረም። ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ መብራት አስተከለ። በ1973 በዚያው አጠገብ ሐውልት ቆመለት።

የሮቢንሰን ገንዘብ ወዴት ሄደ?

አሁን አባታችን በደንብ ያዳምጡኝ። ሮቢንሰን በዕድሜው ሁሉ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል ይባላል። በዚያ ዘመን ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። በ1949 በልብ ሕመም ሲሞት ግን እጁ ባዶ ነበር። የቀብሩን ወጪ ያስተባበረው የታወቀ የቴሌቪዥን ሰው ነው። ለቀብሩ ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በመንገድ ላይ ተሰልፎ ሸኘው።

ገንዘቡ ወዴት ሄደ? ከፊሉን ለተቸገረ ሰጠው። ይህ ጽድቅ ነው። ብዙውን ግን ቁማር በላው። እግሩ ያመጣውን እጁ በተነው። ስለዚህ ጥፋቱ የጭፈራው አይደለም። ሙያው እንጀራ ሰጥቶት ነበር። ሌማቱን ያልከደነው እሱ ነው።

በ1989 የአሜሪካ ምክር ቤት የሮቢንሰንን የልደት ቀን የታፕ ጭፈራ ቀን ብሎ ሰየመው። ስሙ ዛሬም አለ። እኛ ግን ከስሙ ጋር ስሕተቱንም እንማር።

እንግዲህ መልሴ

አባባ፣ «ሰው በትከሻው እንጀራ ይበላል ወይ?» ብለውኝ ነበር። አዎን፣ ይበላል። ሁሉም ግን አይበላም። ከአንድ መላኩ በስተጀርባ ጉርሻ ሳያገኙ ያደሩ ብዙዎች አሉ። እርሻም እኮ እንደዚሁ ነው። ዝናብ ከመጣ ጎተራ ይሞላል፤ ከቀረ ዘርም ይጠፋል። እርሻ ግን ሥራ አይደለም ያለ የለም።

ጭፈራ ሥራ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው ብዬ አስባለሁ። አንደኛ፣ ልምምድ ነው። በሬ በአንድ ቀን ለቀንበር አይገራም። ትከሻም እንደዚሁ ነው። ሁለተኛ፣ የድካም ዋጋ ነው። ዋጋው ታውቆ በጽሑፍ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ቁጠባ ነው። ጉልበት አንድ ቀን ይደክማል። ጭፈራ የወጣትነት እንጀራ ነውና ለእርጅና የሚሆነው አስቀድሞ ይቀመጥ።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ አባታችን ወረቀቱን ይዘው መጡ። ልጃቸው ሊፈርምበት የነበረውን ወረቀት ማለቴ ነው። «አንብብልኝ» ይሉኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። «ቆይ፣ እኔ ልሞክረው» አሉ።

መብራቱን አስጠጋሁላቸው። ጣታቸውን በፊደሉ ሥር እያስኬዱ ጀመሩ። «ተ… ወ… ዛ… ዋ… ዡ» አሉ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። እኔ ዝም አልኩ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ሊያነቡት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ተወዛዋዡ ቡድኑ በወሰደው ቦታ ሁሉ ይጫወታል ይላል። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ቡድን አይሄድም ይላል። በመጨረሻ ፊርማ ይላል።

ቀና ብለው አዩኝ። «ያ ባለፈው ወር የተማርነው ቃል የታለ?»

«የቱ ቃል አባባ?»

«ደመወዝ።»

አብረን እንደገና ፈለግን። ከላይ እስከ ታች ፈለግን። የለም። ማደሪያውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የለም። ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው የለም። ስንት ዓመት እንደሚቆይም የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይህ ነው።

አባታችን ወረቀቱን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱ። «ልጄን አልከለክለውም» አሉ። «ትከሻ ከሰጠው እግዚአብሔር ጋር አልጣላም። ነገር ግን የጎደለውን ጽፈው ይምጡ። ያን ጊዜ እሱም ይፈርማል፤ እኔም ምስክር ሆኜ በስሜ እፈርማለሁ። በአውራ ጣቴ አይደለም፤ በስሜ።»

ልጁ በማግሥቱ ወረቀቱን ይዞ ሰቆጣ ወረደ። ይህን እስከ ጻፍኩበት ቀን መልስ አልመጣም። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ወረቀቱ አንድ ጊዜ ተነቧል።

ልጃገረዷንም አልረሳኋትም። ሰሌዳው ላይ ከ«ንግድ» በታች «ጭፈራ» ብዬ ጽፌአለሁ። በሚቀጥለው ትምህርት መጥታችሁ እዩት። የሚያጠፋው ካለም ምክንያቱን ይዞ ይምጣ።

ደኅና ሰንብቱ።

የቃላት ፍች

ውል — ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚፈርሙበት ጽሑፍ።
ደመወዝ — ለሥራ በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ።
ጉርሻ — ተመልካች ወይም እንግዳ በፈቃዱ የሚሰጠው ገንዘብ።
መድረክ — ተጫዋች ቆሞ የሚታይበት ከፍ ያለ ስፍራ።
ባንኮኒ — በመጠጥ ቤት መጠጥ የሚቀዳበት ረጅም ጠረጴዛ።

ለመወያያ

1. መላኩ በላይና ቢል ሮቢንሰን በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?
2. ሮቢንሰን በ1878 ተወልዶ በ1949 ሞተ። ስንት ዓመት ኖረ?
3. ፈንድቃ የባህል ማዕከል የሆነው በ2016 ነው። 8 ብትቀንሱ በእኛ አቆጣጠር ስንት ይሆናል?
4. ልጃችሁ ውል ሊፈርም ቢሆን ከመፈረሙ በፊት ምን ምን ትጠይቃላችሁ? አራት ነገር በደብተራችሁ ጻፉ።
5. በመንደራችሁ በጭፈራ የታወቀ ሰው ማን ነው? ጭፈራውን ከማን እንደተማረ ጠይቁትና በክፍል ውስጥ ንገሩን። በኽምጣና መናገር የሚቀናችሁ በኽምጣና ንገሩን፤ ከዚያ አብረን እንጽፈዋለን።